የጨረቃ ፋይል

ቱሉ ዲምቱ። ብሎክ አርባ ሰባት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
የውሃ ፓምፑ ሰሌዳ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል፤
ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስሙን ረስቶ ተነሥቷል።
ያመጣው ኮሚቴው ነው፣ “ኮምፒውተር ታውቅ የለ?” ብሎ፣
የአራት ፎቅ ባዶ ጀሪካን ደጄ ላይ አሰልፎ ጥሎ።

ሰሌዳው ላይ ፍላሽ አለ፣ የጥፍሬን ግማሽ የማያህል፤
ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ እዚያ ነው ተጽፎ የሚውል።
ከርነሉ በስም አያውቅም፤ እንደ ወረዳ መዝገብ ቤት
“ቁጥርህን!” ነው የሚል፣ ገና እግርህ ሲረግጥ ከበሩ ፊት።
ዋናው ቁጥር ዘጠና ነው፣ የሠፈሩ ሁሉ መጠሪያ፣
ንዑሱ የየደጁ ነው፣ የመጻፊያና የማንበቢያ፤
ሙሉው ለሚጽፍ ይከፈታል፣ ጎዶሎው ለሚያነብ ብቻ፤
ፋይል ይሉታል እንጂ ፊደል የለውም፤ በር ነው፣ መግቢያና መውጫ።

ጋሽ ገመዳ፣ የግቢው ዘበኛ፣ መብራቴን አይቶ ወጣ፤
ካፖርቱ ዝናብ ያንጠባጥባል፣ ባትሪውን ማጥፋት ረስቶ መጣ።
“ምን እየሠራህ ነው?”
“ለዚህች ዕቃ የቤት ቁጥር እየሰጠሁ።”
ሳቀ። እሱ የሚስቀው በትከሻው ነው።
“እኔ አሥራ አንድ ዓመት ወረዳ ተመላለስኩ።
አንተ በአንዲት ሌሊት? ቁጭ ብለህ?”

ከብሎኮቹ ጀርባ፣ ቦዩ ዳር፣ የጨረቃ ቤት ነበረው፤
ጭቃውን በሁለት ሌሊት ለጥፎ በሦስተኛው ቆርቆሮ ያለበሰው።
ቤት ነበረ፣ ቁጥር አልነበረም፤ ግሬደሩ መጥቶ ሲያየው
መዝገብ ላይ አላገኘውም፤ የሌለ ነገር ነው የጠረገው።

“ይኸውልህ ጋሼ፣ ይኸም ብሎክ ነው የሚባለው፤
አንዲት ቃል ለማረም እንኳ ሙሉውን ነው የምናፈርሰው።”
“ከዚያ ባዶ ይሆናል? ዜሮ?”
“የለም፤ ፍላሽ ሲደመሰስ ሁሉም አንድ ነው የሚሆነው።”
“አንድ፣ አንድ፣ አንድ” አለ፣ ጣቱን እያጠፈ።
“እኛንም እንዲሁ ብለውን ነበር።”

ከሺህ ሃያ አራቱ ሦስቱ ብልሽት እንዳለባቸው አሳየሁት፤
ፋብሪካው ገና ከመነሻው “እዚህ አትጻፍ” ያለባቸው ምልክት።
ማፍረስና መጻፍ የበዛበት ብሎክ ቶሎ ያረጃል፣
ስለዚህ ጣጣውን ለሁሉም እኩል ማዳረስ ይገባል፤
“ይችን ሕግ” አለ ጋሽ ገመዳ፣ “ለማዘጋጃ ቤት ንገርልኝ።”

ወደ አሥር ተኩል ሲሆን ሰሌዳው ስሙን አስታወሰ፤
ከምድር ቤት ፓምፑ አጓራ፣ ቧንቧው ሦስቴ ሳለ፣ ከዚያ ፈሰሰ።
እሱ ጀሪካኑን ሊሞላ ሲወርድ አንድ መስመር ጻፍኩ፤
ገመዳ፣ ዘጠና፣ ጎዶሎ ቁጥር፤ ይነበብ፣ አይሻር አልኩ።
ከጀርባው ቺፕ የለም። ልከፍተው ስሞክር ከርነሉ፦
እንዲህ ያለ ዕቃ የለም።
ዝርዝሩ ላይ ግን አለ፣ ከፓምፑ በታች፣ በተርታ።

ችግሩ፣ እነዚህ በሮች መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ፤
የሚቆሙት የትናንቱን በማያስታውስ ሜሞሪ ላይ ነው።
ስለዚህ ትእዛዙን ፍላሹ ውስጥ አስቀመጥኩት፣
ከተበላሹት ብሎኮች ከአንዱ ጎን፤
ሰሌዳው በተነሣ ቁጥር፣ ከውሃው በፊት፣
መጀመሪያ የገመዳን በር እንዲያቆም።
ይፈርሳል። ሌሊቱን ይሠራል።
በዚህ ክረምት ብቻ ሃያ ሦስት ጊዜ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ለኮሚቴው አልነገርኩም። እሱም አያውቅም።
ጠዋት በር ላይ ሲያገኘኝ
“ያቺ ዕቃ ቤቷን አገኘች?” ይለኛል።
“አገኘች ጋሼ።”
“ግብር እንዳያስከፍሏት” ይላል፣ ሰንሰለቱን እየፈታ።